ጭረቱ ድኗል ከተባለ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚያገረሽ የዓይን ሕመም፦ ኮርኒያ ለምን ደጋግሞ ይላጣል?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከወራት በፊት ሕፃን ልጄ በጥፍሩ ቀኝ ዓይኔን ጫረኝ። ታከምኩ። የፀረ ባክቴሪያ ቅባት ተሰጠኝ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመሙ ጠፋ፣ ሐኪሙም በመሣሪያ አይቶ «ተዘግቷል» አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ሊነጋ ሲል ነቃሁና ዓይኔን ስገልጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ብርሃን ማየት አልችልም። ዓይኔን ብጨፍንም ብገልጥም ያው ነው። ከሰዓታት በኋላ ቀስ እያለ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና ሰንብቼ፣ ረሳሁት ስል፣ አንድ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ክሊኒክ ደርሼ ተራዬ ሲደርስ ዓይኔ ደህና ሆኖ ይገኛል። «ምንም የለም፣ ድርቀት ነው» ተብዬ እመለሳለሁ። አሁን መተኛት ራሱ እያስፈራኝ ነው።

የዳነ ቁስል እንዴት ተመልሶ ይመጣል? የመድኃኒት ስም ብቻ አይደለም የምፈልገው። ዓይኔ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ኦፕቶሜትሪስቱ

አይዞሽ እህቴ። ሳላይሽ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን በጥፍር መጫር፣ ከዚያ ደህና የሆነ ጊዜ፣ ከዚያ ልክ ሲነቁ ድንገት የሚመጣ ሕመም፤ እነዚህ ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የሚታሰበው ተደጋጋሚ የኮርኒያ መላጥ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቦ ይገኛል።

ኮርኒያ ከዓይንሽ ጥቁር ክፍል ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ወደ ጎን ሲለካ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህ ስስ ነገር ግን ዓይን ብርሃንን አጥፎ ምስል ከሚሠራበት አቅም ሁለት ሦስተኛውን ይሸከማል። ጥርት ብሎ መቆየት ስላለበት የደም ሥር የለውም። ኦክስጅኑን ከአየር በእንባ በኩል፣ ምግቡን በአብዛኛው ከኋላው ካለው ፈሳሽ ያገኛል።

ከላይ ወደ ታች ስንሄድ መጀመሪያ ኤፒተልየም አለ። ከ5 እስከ 7 ረድፍ ሴሎች ናቸው፣ ሁሉም ተደምረው 50 ማይክሮን ገደማ። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከሥራቸው ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል እጅግ ስስ ንጣፍ አለ። ቀጥሎ የቦውማን ሽፋን ይመጣል። እሱ ሴል የለውም፣ ጠንካራ ነው፣ ከተጎዳም እንደነበረ አይመለስም፤ ጠባሳ ይተካዋል። ከዚያ የኮርኒያን ውፍረት 90 በመቶ ያህል የሚይዘው ስትሮማ አለ። ከኋላ ደግሞ የዴስሜ ሽፋንና አንድ ረድፍ ብቻ የሆነው ኢንዶተልየም። የኢንዶተልየም ሥራ ውሃ እየመጠጠ ማውጣትና ኮርኒያው እንዳይደበዝዝ ማድረግ ነው። ያንቺ ችግር ወደዚያ አይደርስም። ያለው ኤፒተልየሙ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር በሚያያዝበት መስመር ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኤፒተልየም ሲጫር ሁለት ነገር መዳን አለበት። አንደኛው መሸፈን ነው። ጤነኞቹ ሴሎች ከዳር ተንሸራተው ክፍቱን ቦታ ይሸፍናሉ፣ ከዚያ ይባዛሉ። ይህ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ሐኪምሽ «ተዘግቷል» ያለው ይህንን አይቶ ነው፣ ልክ ነው። ሁለተኛው መጣበቅ ነው። የታችኛው ረድፍ ሴሎች ሄሚዴስሞዞም በሚባሉ ጥቃቅን ማያያዣዎች ንጣፉን ይይዛሉ። ከንጣፉ ደግሞ ከ7ኛው ዓይነት ኮላጅን የተሠሩ ክሮች ወደ ታች ይወርዱና ያስሩታል። ጭረቱ ንጣፉን ራሱን ከነካው ይህንን ሁሉ እንደገና መሥራት ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

አዲስ የተለጠፈ ወረቀት ሙጫው ሳይደርቅ ጫፉን ቢነኩት ተነስቶ ይመጣል አይደል? ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም።

ተማሪው

በጣም ግልጽ ማብራሪያ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። እንዲህ ስስ የሆነ ነገር ተላጠ ብሎ ሰው ብርሃን እስከ መፍራት የሚያደርስ ሕመም ከየት ይመጣል? ደግሞስ ለምን ጠዋት?

የዓይን_ክፍል_ነርስ

በዚህ ክፍል ዓመታትን ሠርቻለሁ። ጥቅልል ብለው፣ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ። ሕመሙ የተጋነነ አይደለም። ማንም «ለጭረት ይህን ያህል?» ሲል ብሰማ እቆጣለሁ።

ኮርኒያ በሰውነት ላይ ነርቭ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ከቆዳ ጋር ሲነጻጸር የነርቭ ጫፎቹ ብዛት በመቶዎች እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። የሚመጡት የፊትን ስሜት ከሚሸከመው ከትራይጀሚናል ነርቭ ነው። የቦውማንን ሽፋን ወደ ላይ ያልፉና ልክ ከታችኛው የኤፒተልየም ረድፍ ሥር መረብ ይሠራሉ። ከዚያም በሴሎቹ መሀል ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ኤፒተልየሙ ሲነሳ ነርቮቹ ይራቆታሉ። በላያቸው ላይ ደግሞ የዓይን ቆብ በየርግብግቡ ያልፋል። ብርሃን የሚያሳምመው ሕመሙ በዓይን ውስጥ ያለውን ጡንቻ ስለሚያኮማትረው ነው። በምርመራ ጊዜ አንዳንዴ ጡንቻውን የሚያፍታታ ጠብታ የምንጨምረው ለዚህ ነው።

ለምን ጠዋት? ሌሊት ዓይን ተጨፍኖ ሲያድር የእንባ ምርት ይቀንሳል። እንባው ስለማይተን ጨውነቱም ይቀንሳል፣ ውሃም ወደ ኤፒተልየሙ ይገባል። ኦክስጅንም የሚመጣው ከቆቡ የደም ሥሮች ስለሆነ ከቀን ያነሰ ነው። በዚህ ሁሉ ኮርኒያ የማንም ሰው ቢሆን ሌሊት ጥቂት ያብጣል። ያበጠና የላላ ኤፒተልየም ከደረቀ ቆብ ጋር ተጣብቆ ያድራል። ዓይን ሲገለጥ ቆቡ ይዞት ይነሳል። «ተቀደደ» ያልሽው ልክ ነው፣ በእርግጥ ተቀዷል። በሕልም ሰዓት ዓይናችን ከቆቡ ሥር በፍጥነት ስለሚንቀሳቀስ ገና ሌሊት ሳለ በሕመም የሚነቁም አሉ።

ክሊኒክ ስትደርሺ የማይታየው ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሸፈን ነው። ያኔ ፍሎሬሲን የተባለው ቀለም ተጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የሚያበራው አረንጓዴ ላይኖር ይችላል።

የድሮ_ሹፌር

እኔም ዕድሜዬ ገፍቶ ይሄው ነገር ይዞኛል። የእኔ ከዛፍ ቅርንጫፍ ነው የጀመረው። ሐኪሙ ለምርመራ ብሎ አንድ ጠብታ ሲያደርግልኝ ሕመሙ እዚያው ቆመ። በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ! ይህን መድኃኒት ለቤት የሚሰጠኝ አጣሁ። ለምን ይከለክሉናል? ሰው እየተሰቃየ?

የዓይን_ክፍል_ነርስ

ጋሼ፣ ስቃይዎን እረዳለሁ። ግን እባክዎ ይህን ነገር አይፈልጉት፣ የሚሸጥልዎ ቢያገኙም አይግዙት።

ያ ጠብታ ማደንዘዣ ነው። ነርቩን ያስተኛል፣ ግን ኤፒተልየሙን ይመርዛል። ሴሎቹ እንዳይንሸራተቱና እንዳይባዙ ያደርጋል። ደጋግመው ሲጨምሩት ትንሿ ቁስል አልዘጋ ትላለች፣ ትሰፋለች፣ ስትሮማው መሟሟት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ የሚመጣው ጠባሳ ነው፣ ሲብስም የዓይን መበሳት። ሕመሙ የሚያስጠነቅቅዎትም ጠፍቷል ማለት ነው። ዓይናቸውን በዚህ ያጡ ሰዎች አሉ። ሐኪሙ የከለከለዎ ጨክኖ አይደለም።

ለሕመሙ የሚዋጥ ማስታገሻ፣ ከላይ የተናገርኩት ጡንቻ የሚያፍታታ ጠብታ ወይም የሕክምና ኮንታክት ሌንስ አለ። የእርስዎ ከቅርንጫፍ ስለጀመረ አንድ ነገር ልጨምር። በተክል የተጫረ ዓይን ፈንገስ ሊገባበት ይችላል። ሕመሙ መልኩን ከቀየረ፣ ቀኑን ሙሉ ካልተወዎ፣ ነጭ ነጥብ ካዩ በዚያው ቀን ይታዩ።

ጥላ

ሲታመም በፋሻ ጥብቅ አድርጎ መሸፈንስ? ቤተሰቦቼ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚሉኝ።

ኦፕቶሜትሪስቱ

በፊት የተለመደ ሕክምና ነበር። ለተራ ጭረት ሲመረመር ግን መሸፈኑ መዳኑን እንደማያፈጥን፣ ሕመሙንም እንደማይቀንስ ታየ። ለኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚና በተክል ለተጫረ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው፣ ጀርሙን አሙቆ ያሳድጋል። በፋሻው ሥር ዓይኑ ከተገለጠም ጨርቁ ራሱ ይፍቀዋል።

ፀደይ

እኔ ግን ዓይኔን ማንም አልጫረኝም። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይመጣል። እናቴም ወጣት ሳለች ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ያማት እንደነበር ትናገራለች። ይህስ ምንድን ነው?

ኦፕቶሜትሪስቱ

ፀደይ፣ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያለ ጭረት፣ በሁለቱም ዓይን፣ በቤተሰብም ካለ የቤዝመንት ሜምብሬን ዲስትሮፊ መፈለግ አለበት። በ1964 እ.ኤ.አ. ኮጋን የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎበታል፣ አንዳንዴም በስሙ ይጠራል። ንጣፉ ራሱ ከመጀመሪያው ተስተካክሎ አይሠራም። በቦታው ከመቆየት ይልቅ ይወፍራል፣ እየታጠፈ ወደ ኤፒተልየሙ ውስጥ ይገባል። ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ካርታ፣ ነጥብና የጣት አሻራ የሚመስሉ ምልክቶች ይታያሉ። ሰውነት ማሰሪያውን የሚያስርበት ንጣፍ የተበላሸ ስለሆነ ሳይጫርም ይላጣል።

መልካሙ ነገር፣ ይህ ዲስትሮፊ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድም ቀን ሳያማቸው ይኖራሉ። ምልክቱ መሀል ላይ ከሆነ ግን ያለ ሕመምም እይታን ሊያደበዝዝ ይችላል። ሐኪምሽ የማያመውንም ዓይን እንዲያይ ጠይቂ። ማለዳ፣ ላንቺም እንደዚያው። በአንድ ዓይን ተጭሮ የሚመጣ ሰው ሌላኛው ዓይኑ ላይ ምልክቱ ከተገኘ ጭረቱ ቀስቃሽ እንጂ ሥሩ እንዳልሆነ ይታወቃል። የስኳር ሕመምም የኤፒተልየሙን አያያዝ ስለሚያላላ መነሳት አለበት።

ሰሎሞን_ዘ_ሌሊት

ሕክምናውን በተመለከተ የኔን ልናገር። የጨው ቅባት ማታ ማታ ታዘዘልኝ። ያቃጥላል፣ እይታ ያደበዝዛል። ሳምንታት ተጠቀምኩ፣ ደህና ሆንኩ፣ ተውኩት፣ ተመለሰብኝ። እኔ ከባዶ ነገር አልለየውም። ተራ የማለስለሻ ቅባትም ያንኑ ይሠራል።

የዓይን_ክፍል_ነርስ

ሰሎሞን፣ ስለ ጨው ቅባቱ ያልከው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ባለ 5 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ ቅባት የሚታዘዘው ሌሊት ከኤፒተልየሙ ውሃ ይስባል፣ እብጠቱን ይቀንሳል ተብሎ ነው። ነገሩ አሳማኝ ነው። ከተራ ቅባት ይበልጣል ወይ ለሚለው ግን የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። የሚያቃጥለው ሰው ተራውን ቅባት በየሌሊቱ ሳያቋርጥ ቢጠቀም እመርጣለሁ።

የማልስማማው «ደህና ሆንኩ፣ ተውኩት» የሚለው ላይ ነው። እዚህ ክር ላይ ሁሉም ሰው ሊይዘው የሚገባው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ማሰሪያው ተሠራ ማለት አይደለም። ቅባቱ ሕመም ለማስታገስ አይደለም የተሰጠህ። ቆቡ ሌሊት ኤፒተልየሙን እንዳይነካብህ፣ ከሥር ያለው ሥራ ሳይቋረጥ እንዲያልቅ ነው። አንዴ በተላጠ ቁጥር ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ደህና ከሆንክ በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር፣ ብዙ ሐኪሞች ከዚያም በላይ ያስቀጥላሉ። አብዛኛው ሰው የሚያገረሽበት እዚህ ላይ ነው። ይህንንም ቁጭ ብሎ የሚነግረው ስለሌለ ነው፣ እሱ ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም።

ቀን ቀን ደግሞ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት የእንባ ጠብታ። ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በቀን ብዙ ጊዜ ሲጨመር ኤፒተልየሙን ራሱን ያስቆጣዋል።

ማለዳ

እንባዬ መጣ፣ በዚህኛው ግን ከሕመም አይደለም። ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ዶክሲሳይክሊን ስለሚባል እንክብል አንብቤ ነበር። ይረዳል? ገና አጠባለሁ።

ኦፕቶሜትሪስቱ

ዶክሲሳይክሊን እዚህ የሚሰጠው ጀርም ለመግደል አይደለም። የተላጠ ኤፒተልየም ኤምኤምፒ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይበዙበታል፤ በተለይ ኤምኤምፒ 9። እነዚህ ንጣፉንና ማሰሪያውን ይበላሉ። እንክብሉ በትንሽ መጠን ሲወሰድ ይገታቸዋል። በቆቡ ጠርዝ ያሉት የቅባት ዕጢዎች የተደፈኑባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ለዕጢዎቹም ይጠቅማል። አንዳንድ ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ የስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነት የሚቀንስ፣ ጠብታ አብረው ይሰጣሉ።

ግን እያጠባሽ ስለሆነ ይህን በራስሽ አትጀምሪ። ለእርጉዝና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፣ ለምታጠባ እናትም ሐኪሟ መወሰን አለበት። ቆቡን በሞቀ ጨርቅ ማሞቅና ጠርዙን ማጽዳት ግን ለማንም ይሆናል፤ ጫን ብለሽ እንዳትጠርጊ እንጂ። የስቴሮይድ ጠብታንም ማንም ሰው ካለ ሐኪም እንዳይጨምር። የሄርፒስ ቫይረስ የሚያመጣው የኮርኒያ ቁስል ከዚህ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፣ ስቴሮይድ ደግሞ እሱን ያባብሰዋል።

መርፌ_ያለፈበት

ቅባትም ጠብታም በአግባቡ ተጠቅሜ ያልተወኝ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የሕክምና ኮንታክት ሌንስ ተደረገልኝ። ቁጥር የለውም፣ ቀንም ሌሊትም ዓይን ላይ ይቆያል፣ ሐኪም ይቀይረዋል። ሕመሙ ያን ቀን ነው የቀረው። ከፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ጋር ነው፣ ክትትልም ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ሌንስ ለብሶ መተኛት በራሱ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ሌንሱ ሲወጣ ተመለሰብኝና በመርፌ የሚሠራው ተሠራልኝ። ስሙ ያስፈራል። በማደንዘዣ ጠብታ፣ በስሊት ላምፕ ፊት ተቀምጠህ፣ ሐኪሙ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን መርፌ የላላው ቦታ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ይወጋል። መርፌው የቦውማንን ሽፋን ጥቂት አልፎ ይገባል። በየነጥቡ የሚፈጠረው ጥቃቅን ጠባሳ ኤፒተልየሙን ወደ ታች ይይዘዋል። ጠባሳው ብርሃን ስለሚበትን እይታው መሀል ላይ አይሠራም። የኔ ወደ ዳር ስለነበር ይሆናል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነኝ። አልፎ አልፎ ጠዋት ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ ከዚያ አያልፍም።

ተማሪው

መሀል ላይ ከሆነስ? ወይም እንደ ፀደይ ዲስትሮፊ ያለበት ሰው?

ኦፕቶሜትሪስቱ

ያኔ የላላውን ኤፒተልየም ሙሉ በሙሉ ማንሳትና ሥሩን ማስተካከል ነው የሚመረጠው። አንዱ መንገድ ኤፒተልየሙ ከተነሳ በኋላ የቦውማንን ሽፋን በአልማዝ ብናኝ በተለበጠች ትንሽ ክብ መሣሪያ ቀስ አድርጎ ማለስለስ ነው። የተበላሸው ንጣፍ ይወገዳል፣ አዲሱ በንጹሕ ቦታ ላይ ይሠራል። ሌላው ኤክሳይመር ሌዘር ነው። የሚያነሳው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ከሁለቱም በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማሉ፣ እሱን ደብቆ መናገር ተገቢ አይደለም። የሕክምና ሌንስ የሚደረገው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይገላገላል፣ የሚያገረሽበትም አለ።

ፀደይ

ሌዘሩ የመነጽር ቁጥሬን ይቀይራል? ደግሞስ ይህን ሁሉ ከማድረጌ በፊት ለሐኪሙ «በእርግጥ አለብኝ» ብዬ እንዴት ላሳየው? እኔም እንደ ማለዳ «ምንም የለም» ተብያለሁ።

የዓይን_ክፍል_ነርስ

ቁጥሩን በተመለከተ፦ ለመላጥ የሚሠራው ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ለውጡ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ጠለቅ ከተባለ ግን መሀሉ ጠፍጠፍ ስለሚል ዓይኑ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ወደ አለማየት ሊያዘነብል ይችላል። ጊዜያዊ ጭጋግም ሊኖር ይችላል። ይህን ከሠሪው ሐኪም ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

ለሁለተኛው፣ ከቻልሽ ሕመሙ ሳይለቅሽ በዚያው ጠዋት ሂጂ። ካልሆነም «ዓይኔ ደረቀ» ብቻ አትበይ። «ከእንቅልፍ ስነቃ ድንገት ይቀደዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ይተወኛል፣ ደጋግሞ ይመጣል፣ ያለፈው በዚህ ቀን ነበር» በይ። ይህ አገላለጽ ብቻውን ግማሽ ምርመራ ነው። ፍሎሬሲን ሲጨመርም አረንጓዴ የሚያበራ ቦታ ብቻ እንዳይፈለግ ጠይቂ። ላላ ብሎ ከፍ ያለ ኤፒተልየም ላይ ቀለሙ ስለሚሳሳ ጠቆር ያለ ቦታ ይታያል። አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ በማደንዘዣ ጠብታ አደንዝዘው በትንሽ ስፖንጅ ኤፒተልየሙን ቀስ ብለው ይገፉታል። የላላው ቦታ ሲሸበሸብ ይታያል።

እስከዚያው ጠዋት ስትነቁ ዓይናችሁን ወዲያው አትግለጡ። ጠብታውን ከአልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡት። ዓይናችሁን እንደጨፈናችሁ በቆቡ ውስጠኛ ጥግ ላይ ጠብ አድርጉና ጥቂት ቆዩ። ዓይናችሁን ከቆቡ ሥር ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት፣ ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። አትሹት። ማራገቢያ ፊታችሁ ላይ እየነፈሰ አትተኙ። አብሯችሁ የሚተኛ ሰው ካለ ደግሞ ሌሊት ዓይናችሁ በደንብ ይገጠም እንደሆነ እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ገርበብ ብሎ የሚያድር ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።